ዕቁቤን ሳላጓድል እየጣልኩ ክሬዲትሽ 604 ነው አሉኝ

የቀበና ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (እሑድ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ 8 ዓመት ሆኖኛል። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። ከሁለት ልጆቼ ጋር ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው ያለነው። ዘንድሮ ቤት ለመግዛት ቆርጬ ተነሣሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አበዳሪው ክሬዲቴን (የብድር አከፋፈል ነጥቤን) አይቶ "604 ነው፣ ለጊዜው ይቆይ" ብሎ ሸኘኝ።

እኔ የሰው ገንዘብ በልቼ አላውቅም። ኪራይ አንድም ወር አላሳለፍኩም። ዕቁቤን 6 ዓመት ሙሉ ሳላጓድል ጥያለሁ። ዕዳ የምለው ሁለት ክሬዲት ካርድ ነው። የአንዱ ሊሚት (የመበደሪያ ጣሪያ) 1,500 ዶላር ነው፤ 1,310 አለብኝ። የሌላው 800 ነው፤ 640 አለብኝ። በየወሩ ዝቅተኛውን ክፍያ እከፍላለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለፈኝ። ከአምስት ወር በፊት እናቴ አርፋ አዲስ አበባ ሄድኩ። አርባዋን አውጥቼ፣ የቤቷን ጉዳይ ጨርሼ፣ ሁለት ወር ተኩል ቆየሁ። ስመለስ ደብዳቤ ተከምሮ ጠበቀኝ። የ35 ዶላር ክፍያ ነበር። የዚያኑ ቀን ከፈልኩ።

አሁን ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል። አንዱ ካርዶቹን ዝጊያቸው ይላል። አንዷ 900 ዶላር ተቀብሎ ክሬዲት የሚያጸዳ ሰው አለ አለችኝ። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

ሳባ፣ ቨርጂኒያ (እሑድ ማታ)

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

እኔ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ቤት ፋይል በማዘጋጀት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ያንቺ ዓይነት ፋይል ብዙ አይቻለሁ፤ ይስተካከላል።

መጀመሪያ የ900 ዶላሩን ነገር ተዪው። ክሬዲት እናስተካክላለን የሚሉ ድርጅቶች ሥራውን ሳይሠሩ ቀድመው ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል። ሕጋዊ የሆነውን ነገር ሁሉ አንቺው ራስሽ በነጻ ትሠሪዋለሽ። በተለይ "አዲስ ቁጥር እንሰጥሻለን፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽ ቦታ እሱን ጻፊ" የሚል ሰው ከመጣ ራቂው። የብድር ማመልከቻ ላይ የሐሰት ቁጥር መጻፍ ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ደግሞ መዘዙ ከብድር ያልፋል።

ሁለተኛ፣ 604 ማለት ክፉ ሰው ነሽ ማለት አይደለም። ስኮሩ ደመወዝሽን አያይም። ባንክ ያስቀመጥሽውንም አያይም። የሚያየው ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስት ቢሮዎች መዝገብ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ዕቁብሽን ማንም አልነገራቸውም። ኪራይሽንም አከራይሽ ካላስመዘገበው አያውቁትም። የነገሯቸው ሁለቱን ካርድና ያቺን ያለፈች ክፍያ ነው።

ፋይኮ የሚባለው ስኮር ከ300 እስከ 850 ነው። 35 በመቶው በጊዜ መክፈልሽ ነው። 30 በመቶው ያለብሽ የዕዳ መጠን ነው፤ በተለይ ከካርዶችሽ ሊሚት ስንቱን እንደተጠቀምሽ። 15 በመቶው የአካውንቶችሽ ዕድሜ ነው። የቀረው 20 ለሁለት ይከፈላል፦ አዲስ ብድር መጠየቅና የብድር ዓይነት።

አሁን ያንቺን እንይ። በድምሩ 2,300 ሊሚት አለሽ። 1,950 ተጠቅመሻል። ይህ 85 በመቶ ነው። ከ30 በታች አድርጉት ሲባል ትሰሚያለሽ፤ ከ10 በታች ሲሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ያንቺ ስኮር ዋናው ቁስል ይኼ ይመስለኛል። መልካሙ ነገር ደግሞ ቶሎ የሚድነውም እሱ ነው። ባላንሱ (ካርዱ ላይ ያለብሽ ዕዳ) ወርዶ ለቢሮዎቹ በተላከ ማግስት ስኮሩ ይንቀሳቀሳል።

ግን ሪፖርቱን ሳናይ አንፍረድ። አንዩዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ግቢ። የሦስቱንም በየሳምንቱ በነጻ ታወጫለሽ፤ ከ2023 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል። ስልክሽ ላይ ያለው አፕ አይበቃም። እሱ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ቫንቴጅ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ስኮር ነው፤ ሞርጌጅ ቤት የሚያየው ከሱ ሊለይ ይችላል።

---

ደብረ ብርሃን 07 (እሑድ ማታ)

ወገኖቼ፣ እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ካርዱን ሙሉ በሙሉ ከከፈልሽ ክሬዲት አይገነባም። ትንሽ ትንሽ ዕዳ ማስተላለፍ አለብሽ። አንዱን ካርድ ደግሞ ከፍለሽ ዝጊው፣ ፈተናው ይቀንሳል።

---

እንዳለ፣ ዴንቨር (ሰኞ ጠዋት)

ወንድሜ ደብረ ብርሃን፣ በቅን እንደጻፍከው አውቃለሁ። እኔም ይህንኑ ሰምቼ ሦስት ዓመት ወለድ ገብሬበታለሁ። ዕዳ ማስተላለፍ ስኮር አይጨምርም። የሚጨምረው ወለድ ነው። ካርዱ በጥቅም ላይ መሆኑና በጊዜ መከፈሉ ከታየ በቂ ነው።

መዝጋቱም አይጠቅማትም። የ800ውን ከፍላ ብትዘጋው ሊሚቷ ወደ 1,500 ይወርዳል። የቀረው 1,310 በዚያ ላይ 87 በመቶ ይሆናል። 640 ዶላር ከፍላ ከነበረችበት ከፍ አለች ማለት ነው! ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው ክፍት ይቀመጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። በየወሩ ሙሉውን እየከፈልኩ ስኮሬ አልነቃነቅ ያለኝ ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ቀኖችን ማምታታቴ ነው። አንዱ ስቴትመንት (የወሩ ሂሳብ መግለጫ) የሚዘጋበት ቀን ነው። ሌላው የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ነው። በመካከላቸው ቢያንስ 21 ቀን አለ። አብዛኞቹ ባንኮች ለቢሮዎቹ የሚልኩት ስቴትመንቱ በተዘጋበት ቀን ያለውን ባላንስ ነው። እኔ ደግሞ የምከፍለው ከዚያ በኋላ ነበር። ስለዚህ ሙሉ ከፋዩ እኔ በየወሩ ሙሉ ባለዕዳ ሆኜ እታያለሁ። አሁን ስቴትመንቱ ሊዘጋ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው እከፍላለሁ። ለውጡን በቀጣዩ ወር አየሁት።

---

የቀበና ልጅ (ረቡዕ)

ተባረኩ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ሦስቱንም ሪፖርት አወጣሁ። አንብቤ ስጨርስ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

የካርዱ እውነት ነው። "60 ቀን ያለፈው" ይላል። ግን በሁለቱ ቢሮዎች ላይ ሌላ ነገር አለ። ኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ)፣ የሕክምና ዕዳ፣ 1,140 ዶላር። ሆስፒታሉ ያለው ሄጄ በማላውቀው ስቴት ነው። አድራሻም ኖሬበት የማላውቀው ተጽፏል። የሌላ ሰው ዕዳ እንዴት በእኔ ስም ይመጣል?

---

እንዳለ፣ ዴንቨር (ረቡዕ)

እህቴ፣ እሱ በእኛ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው። እኔም ላይ ደርሷል።

እስቲ ስማችንን አስቢው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ወረቀት ላይ ሲገባ አንዴ አባት የመጨረሻ ስም ይሆናል፣ አንዴ አያት። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ፊደል ይደርባል፣ ሌላው ይቀንሳል። በዚያ ላይ በስደት የመጣን ብዙዎቻችን ልደታችን ጃንዋሪ 1 ተብሎ ነው የተመዘገበው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ልደት ይዞ ሲገኝ መዝገቡ ይቀላቀላል።

የኔን እንዲህ ነው ያስተካከልኩት። ለእያንዳንዱ ቢሮ ለየብቻ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ይህ ዕዳ የኔ አይደለም፣ ይህ አድራሻም የኔ አይደለም" አልኩ። የሪፖርቱን ገጽ ቅጂ አድርጌ ስህተቱን አከበብኩት። የመታወቂያዬንና የመብራት ቢሌን ቅጂ አያያዝኩ። በሰርቲፋይድ ፖስታ፣ መድረሱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ያለውን ላክሁ። ኦንላይንም ይቻላል፤ እኔ ግን ወረቀት በእጄ እንዲቀር ፈለግሁ። ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው የሚሰጣቸው። አጣርተው ማረጋገጥ ካልቻሉ ማውጣት አለባቸው።

አንደኛው ቢሮ መጀመሪያ "ትክክል ነው" ብሎ መለሰልኝ። በጣም ተናደድኩ። ያኔ ለፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ወጣልኝ። አንድ ጊዜ እምቢ ቢሉሽ እንዳትተዪው።

---

ሳባ፣ ቨርጂኒያ (ረቡዕ ማታ)

እንዳለ ያለውን ሁሉ እደግፋለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ኮሌክሽኑ ደውሎ "ለጊዜው 50 ዶላር ክፈይ፣ ስምሽ ይጸዳል" ቢልሽ እንዳትከፍዪ። ዕዳው ያንቺ አይደለም። ሰብሳቢው መጀመሪያ ከጻፈልሽ በ30 ቀን ውስጥ ዕዳው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጥ ዘንድ መጠየቅ መብትሽ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ የሕክምና ዕዳ ከሌላው ይለያል። የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን ሪፖርት ላይ መታየት የለበትም። ከ500 ዶላር በታች የሆነውም፣ ዓመት ያልሞላውም እንዲሁ። ሪፖርታችሁ ላይ ካያችሁት ጻፉላቸው።

ያለፈችውን ክፍያ በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። እውነት ስለሆነ በዲስፒውት (ስህተት ነው ብሎ በመከራከር) አይወጣም። እስከ 7 ዓመት መዝገቡ ላይ ይቆያል፤ ጉዳቱ ግን እያደር ይቀንሳል። ለባንኩ ደብዳቤ ጽፈሽ እናትሽ አርፋ እንደነበር አስረጂ፣ በበጎ ፈቃድ እንዲያነሡልሽ ለምኚ። ግዴታ የለባቸውም። አንዳንዴ ግን ይሰማሉ።

ባንክ ሪፖርት የሚያደርገው 30 ቀን ሙሉ ሲያልፍ ነው። በአምስት ቀን፣ በአሥር ቀን ያለፈ ክፍያ ቅጣት ያመጣል እንጂ ሪፖርት ላይ አይወጣም። አገር ቤት የምትሄዱ ሁሉ ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ ዝቅተኛውን ክፍያ ኦቶፔይ (በየወሩ በራሱ የሚከፈል) አድርጉት። ለለቅሶ ሲሆን ሰው በማግስቱ ነው የሚበረው፣ ማሰብያ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ዛሬ አድርጉት።

---

ሾፌሩ ከአሌክሳንድሪያ (ሐሙስ)

ክሩን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ስኮሬ 760 ነበር። የአጎቴ ልጅ መኪና ሊገዛ ፈልጎ ዋስ ሁነኝ አለኝ፣ እዚህ ኮሳይን የሚሉት። እንዴት እምቢ ይባላል? አብረን ነው ያደግነው። ፈረምኩ።

አገር ቤት ዋስ ስትሆን ሰውየው ሲጠፋ ነው የሚፈልጉህ። እዚህ ከፈረምክበት ቀን ጀምሮ ዕዳው ያንተም ነው። እሱ ባሳለፈ ቁጥር እኔ ሪፖርት ላይ ይወጣል። ለእኔ ማንም አልደወለም። አፍሮ እሱም አልነገረኝም። የሰማሁት መኪናው ከተወሰደ በኋላ ነው። በጨረታ ሸጡት። ቀሪውን 7,200 ዶላር ከሁለታችንም ጠየቁ። ስኮሬ ከ600 በታች ወረደ። ከአጎቴ ልጅ ጋር ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ገንዘቡን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ የሚቆጨኝ ሁለቱ ዓመት ነው።

ማንም ኮሳይን እንዳያደርግ እለምናለሁ።

---

እመቤት፣ አትላንታ (ሐሙስ ማታ)

ልጄ፣ ያሳለፍከው ያሳዝናል። "ማንም" ማለትህን ግን መቀበል ይከብደኛል። እኔ ወደዚህ አገር በ1991 ስመጣ ስሜ በምንም መዝገብ ላይ አልነበረም። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ፈርማልኝ ነው ቤት የተከራየሁት። እሷ ባትኖር ልጆቼን ይዤ የት እወድቅ ነበር? ሰው በሰው ነው የቆምነው።

ግን መንገድ መምረጥ ይቻላል። እኔ ለእህቴ ልጅ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከ12 ዓመት ካርዶቼ በአንዱ ላይ ስሟን እንደ ተጨማሪ ተጠቃሚ አስገባሁ። ካርዱን ግን ለእጇ አልሰጠኋትም። የካርዱ ዕድሜና ንጹሕ አከፋፈል እሷ ሪፖርት ላይም ታየ። ዕዳው የኔ ብቻ ነው። ነገር ከተበላሸ ስሟን በአንድ ስልክ አስወጣለሁ። ይህ እንዲሠራ ካርዱ ንጹሕ፣ ባላንሱም ዝቅተኛ መሆን አለበት። ሊሚቱን የሞላ ካርድ ላይ ከተጨመረች ይጎዳታል። ባንኩ ተጨማሪ ተጠቃሚን ለቢሮዎቹ እንደሚያሳውቅም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መኪና የግድ ከሆነ ደግሞ እኔ ቀብዱን እረዳለሁ እንጂ አልፈርምም። የምሰጠውን ገንዘብ አውቀዋለሁ። የምፈርመው ግን የት እንደሚደርስ አላውቀውም።

---

ሾፌሩ ከአሌክሳንድሪያ (ሐሙስ ማታ)

እማማ፣ አመሰግናለሁ። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ቀብዱን በሰጠሁት ነበር።

---

አዲስ ገቢ (ዓርብ)

ሰላም። በዲቪ ከመጣሁ 4 ወሬ ነው። ዳላስ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። አዲስ አበባ ባንክ ተበድሬ ጨርሼ ከፍያለሁ፣ ደብዳቤም አለኝ። እሱ እዚህ ይጠቅመኛል? ክሬዲት ካርድ ብጠይቅ ሁለት ቦታ እምቢ አሉኝ።

---

ሳባ፣ ቨርጂኒያ (ዓርብ)

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። የአዲስ አበባው መዝገብ እዚህ ያሉት ሦስት ቢሮዎች ዘንድ አይገባም። የወረድክ እንዳይመስልህ፤ ገና ስኮር የለህም ማለት ነው።

ማመልከቱን ለጊዜው አቁም። እያንዳንዱ ጥያቄ ሪፖርትህ ላይ 2 ዓመት ይቆያል። አንድ ሴኪዩርድ ካርድ ውሰድ። 200 ወይም 300 ዶላር ታስይዛለህ፣ ያው ሊሚትህ ይሆናል። ከመውሰድህ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ "ለሦስቱም ቢሮ ታሳውቃላችሁ?" ካላሳወቁ አትውሰደው። በሱ የስልክህን ሂሳብ ብቻ ክፈልበት፣ ሙሉውን መልስ። ፋይኮ ስኮር እንዲወጣልህ ቢያንስ 6 ወር የሆነው አንድ አካውንት ያስፈልግሃል። ክሬዲት ዩኒየኖችም ክሬዲት ለመገንባት የሚሆን ትንሽ ብድር አላቸው። ገንዘቡን እነሱ ያስቀምጡታል፣ አንተ በየወሩ ትከፍላለህ፣ ስትጨርስ ይሰጡሃል። ዕቁብ ለለመደ ሰው የሚከብድ አይደለም።

---

የቀበና ልጅ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ዕቁባችን 10 ሰው ነው፣ በወር 500 ዶላር። ዕጣዬ ዘግይቶ ነበር የሚወጣው። ለዳኛችን ነገሬን አስረዳሁ፤ አንዲት እህት ዕጣዋን ቀየረችኝ። 5,000 ዶላር ወሰድኩ። በሱ ሁለቱንም ካርዶች ጨርሼ ከፈልኩ። 3,050 ተረፈኝ፤ ለቤቱ ቀብድ አስቀመጥኩት። ካርዶቹን አልዘጋሁም።

ኮሌክሽኑ ከአንዱ ቢሮ በ24 ቀን ወጣ። ሌላው ወንድማችን እንዳለ እንደጻፈው "ትክክል ነው" አለኝ። እንደገና ጻፍኩ፣ አቤቱታም አስገባሁ። እየጠበቅሁ ነው። ባንኩ ለደብዳቤዬ "አናነሣም" ብሎ መለሰ።

---

ሳባ፣ ቨርጂኒያ (በዚያው ቀን)

ደስ ብሎኛል! ባንኩን ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ደግመሽ ጠይቂው።

ስለ ዕቁቡ ገንዘብ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ፋይል የሚሰናከልበት ነው። ሞርጌጅ ቤት የባንክ ስቴትመንትሽን ሲያይ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካየ "ከየት መጣ?" ይላል። ብዙ ሰው ይፈራና "ስጦታ ነው" ይላል። አትዋሺ። ኤፍኤችኤ የሚባለው፣ ለቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መመሪያ የግል የቁጠባ ማኅበር ገንዘብን በግልጽ ይቀበላል። ማስረጃ ነው የሚፈልገው። የዕቁቡን መዝገብ ቅጂ፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ፣ ከዳኛው ወይም ከጸሐፊው የተፈረመ ማረጋገጫ ያዢ። ዕቁባችሁ መዝገብ ከሌለው ከዛሬ ጀምሮ ያዙ።

ኤፍኤችኤ ከ580 ጀምሮ በ3.5 በመቶ ቀብድ ይፈቅዳል። ነገር ግን ብዙ አበዳሪዎች ከራሳቸው 620 ይላሉ፤ አንቺን የመለሱሽ ለዚያ ይመስለኛል። የሚወስዱት የሦስቱን ቢሮ መካከለኛ ቁጥር ነው። ስለዚህ ያ አንዱ ቢሮ እስኪጠራ ግፊበት። እስከዚያ ሶፋም ሆነ መኪና በብድር እንዳትገዢ። ቤቱ እስኪፈረም ድረስ ክሬዲትሽን ደግመው ሊያዩት ይችላሉ።

---

የቀበና ልጅ (ከመጀመሪያው ጥያቄ ስድስት ወር በኋላ)

ሁላችሁም እንዴት ከረማችሁ?

ኮሌክሽኑ ከሁለቱም ወጥቷል። ያለፈችው ክፍያ አሁንም አለች፤ ባንኩ ሁለተኛም እምቢ ብሎኛል። መካከለኛው ቁጥሬ 672 ሆኗል። ሦስት አበዳሪ አነጋገርኩ። በ45 ቀን ውስጥ ስላደረግሁት እንደ አንድ ጥያቄ ነው የተቆጠረው፤ ይህንንም የነገሩኝ ሃድ በሚባለው የፌዴራል የቤቶች መሥሪያ ቤት የተፈቀደላቸው የቤት አማካሪ ናቸው፣ በነጻ። የዕቁባችን ጸሐፊ መዝገቡን ፈርመው ሰጡኝ። አበዳሪው አንብቦ "እንዲህ ያለ ነገር አላችሁ?" አለኝ፣ ተቀበለውም። ቅድመ ፍቃድ ደብዳቤውን ባለፈው ማክሰኞ አገኘሁ። ገርማንታውን አካባቢ ሁለት ቤት አይተናል። ትንሿ ልጄ መኝታ ቤቷን መርጣለች፤ ገና የኛ አይደለም ብላት አልሰማ ብላኛለች።

በሚቀጥለው ወር የእናቴ ሙት ዓመት ነው። ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ እሆናለሁ። ሁለቱም ካርዶች ኦቶፔይ ላይ ናቸው። ስመለስ የመጀመሪያውን ክፍያ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።

---

እመቤት፣ አትላንታ (በዚያው ማታ)

እሰይ የኔ ልጅ! በሰላም ሄደሽ በሰላም ተመለሺ። የእናትሽን ነፍስ በገነት ያኑርልሽ።